የዓመቱ ቅጽ

በትንሿ አውሮፕላን ቅጹ ዛሬ ደረሰ፣
ከሩዝ ጆንያ ሥር፣ ጫፉ በናፍጣ የራሰ።
ከኢሎኢሎ ነው፣ ከላከችኝ ቤተ ክርስቲያን፤
ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ሣጥን፦

«ስንት ጊዜ ሰበክህ?
ስንት ሰው አጠመቅህ?
ስንት ነፍስ ማረክህ?»

እስክሪብቶ አነሣሁ፤ እጄ ግን እንደ ልማዱ ቀደመው፣
ከመልሴ በፊት የአውራ ጣቴ ግራሶ አንዱን ሣጥን ሞላው።

እኔ አልሰበክሁም። እዚህ ፓፑዋ፣ ከሴፒክ ገባር ዳር፣
የውኃ ፓምፕ ነው ሥራዬ፣ ከዝገት ጋር ክርክር።
ሠላሳ አንድ ጊዜ ፈታሁ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ገጠምሁ፤
ሲሠራ ያስታወሰኝ የለም፤ ሲቆም ግን ስሜን ሰማሁ።

ከማዶ ሶልቬይ አለች፣ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ቃል ጋር፣
«ይቅርታ»ን ፍለጋ ስትዞር፣ ከሽማግሌ በር በር።
እዚህ ባለዕዳ ሰው ታንኳው ይታሰራል ከግንድ፣
አበዳሪው ሲምር ይፈታዋል፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ፍርድ።
አንድ ማለዳ መጣች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ በጭቃ፣
«ታንኳህን ፈታሁልህ ነው ለካ!» አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ ስቃ።
እኔ መፍቻዬን ይዤ ቆሜ ነበር።
ስንት ዓመት ስፈታ ኖሬ፣ መፍታትን ሳላውቅ።

ዮስት ደግሞ ፓይለት ነው፣ ከደመና ሲማከር የሚያድር፤
ነፍሰ ጡር ይጭናል፣ ዶሮ ይጭናል፣ አንዳንዴም ሬሳ፣ ሳይናገር።
ለእሱም ቅጽ ይመጣለታል፤ «ስንት ነፍስ?» ለሚል ጥያቄ፣
«በኪሎ ነው የምመዝነው» ብሎ መለሰ። ተቆጡ አሉ። እኔን ገደለኝ ሣቄ።

ከሁላችን በፊት የመጣም ነበር፣ ድምፁ መጋዝ የመሰለ፤
ቋንቋውን ሳይለምድ ሰበከ፤ ሰዉ በትሕትና አዳመጠ፣ በትሕትና አንቀላፋ።
ባራተኛው ወር ሄደ። የቀረው፣
በልቶ ከደጅ የተፋው ፍሬ ነው፤
ዛሬ ትልቅ ማንጎ ሆኖ፣ ጥላው ሥር ሕፃናት ይመዘናሉ፣ ክትባት ይወጋሉ።
እሱስ በየትኛው ሣጥን ይግባ?

ቅጹ የማይጠይቀው ደግሞ አለ። በዝናቡ ወራት ነው፣
ወባ ጣለኝ፤ ሬዲዮው ዝም፣ ዮስትን ደመና አገተው።
ካምዋሪ የምትባል መበለት፣ ዓሣ አድርቃ የምትሸጥ፣
ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ አንድ ቀን እንኳ ያልተገኘች፣
በታንኳዋ አጋድማኝ ሌሊቱን ሙሉ ቀዘፈች።
የአዞ ዓይን በዳር በዳር ሲቀላ፣ ትንባሆዋን እያጨሰች፣
ሲደክማት ታዜማለች፣ ዜማው ሲያልቅባት ትሳደባለች።
ግንባሬን በወንዙ ውኃ እየዳበሰች፣
«እንዳትሞትብኝ፣ ባለፓምፑ፤ ቧንቧው ገና ያንጠባጥባል» አለች።

ላገለግል ባሕር ብሻገር፣ ወንዝ ያሻገረችኝ እሷ።
ስድን ሄጄ ዋጋዋን ጠየቅሁ፤ ቀና እንኳ አላለች ከዓሣዋ፤
«ታንኳህን ፈታሁልህ» አለችኝ፣ እንደ ዘበት፣ ቢላዋዋን እየሳለች።
እኔ ታንኳ እንኳ የለኝም።

ታዲያ ምን ልጻፍ? «ስንት ነፍስ?» በሚለው ላይ
«አንድ፤ የእኔ» ብዬ ነበር፤ መልሼ ሰረዝሁት።
ብልጣብልጥ መሰለብኝ። ደግሞም እሷ መቁጠሬን ብትሰማ
ቅጹን ዓሣ ትጠቀልልበታለች።

ስለ ካምዋሪ ጽፌ ብልክስ? ማን ላካት ይሉኛል።
እኔም ያንኑ እጠይቃለሁ፣ ሌሊት ሌሊት፣
ጣሪያውን ዝናብ ሲደበድበው፣
ማን ላካት?

አምፖሉ ሁለቴ ጠቀሰ። ጀነሬተሩ ሳል ጀመረው።
ከወንዙ ዳር ባልዲ ሲንኳኳ፣ የሴት ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ፣
ፓምፑ ቆሟል፣ ስሜን እየጠሩ ነው።
ቅጹን ከመብራቱ ሥር ተውሁት፣ ከነግራሶው አሻራ።
መፍቻዬ የት አለ?

ሠላሳ ሁለት።